ውሃው የት ይተኛ?

«ሙያሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ ኖርኩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፤
ቢሮው «አትክልተኛ»፣ ጎረቤት «ዛፍ ሣይ» እያሉ።
እናቴም ለሰው ስትነግር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«መሐንዲስ ናት፤ ቤት ግን አትሠራም» ትላለች፣ ፈገግታዋን ሸሽጋ።

መጀመሪያ ጊዜ፣ ከትምህርት ቤት ትኩስ እንደ ወጣሁ፣
ለከዚራ አንድ አደባባይ ከደጋ ሣር ጭኜ መጣሁ።
ፕላኔ ላይ ለምለም ነበር፣ ቀለሙም አልደረቀ፤
የግንቦት ፀሐይ ግን ፕላን አያነብም፤ ሣሩ በሳምንት አለቀ።
የተረፈውን ፍየል በላው። ፍየሉን ማን ይከሰዋል?
እሱስ የድሬ ተወላጅ ነው፤ የሚበላውን ያውቀዋል።

በባቡር ጣቢያው ግቢ የችግኞቹ ዘበኛ፣ ሮብሌ፣
ስሙ በአገሩ ቋንቋ «ዝናብ ያለው» ማለት ነው፣
አልሳቀብኝም። አንዲት የኒም ፍሬ ከኪሱ አወጣና፣
«ይቺን ጠይቂያት» አለኝ፣ «ውሃ ሲርቃት የት እንደምትሄድ።
አትጮህም። ሥሯን ትልካለች። መልስ እስኪመጣ ትጠብቃለች።»

ከዚያ ደቻቱ።
በበጋ ያየው እንግዳ ሰፊ መንገድ ይመስለዋል፤
ባጃጅ ያቋርጠዋል፣ ጎረምሳ ኳስ ይለጋበታል፣
አሸዋ ጫኚው አካፋውን ተክሎ ጎኑን ያሳርፍበታል።
ግን ከላይ፣ ከተራሮቹ፣ ሌሊት ሲያጉረመርም ሰማይ፣
እዚህ ኮከብ እያበራ፣ አንዲት ጠብታ ሳትታይ፣
ውሃው በር ሳያንኳኳ...

ያን ሌሊት አልጽፍም።
የጻፍኩት ቁጥር ነው፤ በማግስቱ ሜትር ይዤ፣
ግድግዳ ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር ተከትዬ።
«ከመስመርሽ በታች» አለችኝ ኢፍቱ፣ «የልጄ አልጋ ነበረ።»
እርሳሴ ወደቀ። ልኬቴ እዚያው ላይ ቀረ።

ከተማው ግንብ ፈለገ፤ ከፍ ያለ፣ ወፍራም፣ ሲሚንቶ።
እኔም ግንብ ሣልኩ። ደሞዝ ነዋ።
ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ኢፍቱ እጇን አወጣች፤
«ግንቡ ይሁን። ግን ውሃው ከተራራ የመጣ ነው፣ ደክሞት፤
እንግዳ በር ቢዘጉበት፣ የሌላውን ይሰብራል በሌሊት።
የት ይተኛ?» አለች። አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤
ስድስት ዓመት ስማር፣ ይሄን አንድም ቀን አልተጠየቅሁም።

ወረቀቱን ገልብጬ፣ በጀርባው ጀመርኩ እንደገና፤
ለውሃው መኝታ፣ ከመንገዱ ወረድ ያለ ጎድጓዳ ሜዳ፣
በጋ የሰፈር፣ ክረምት የጎርፍ፤ ሁለት ባለርስት በአንድ ጓዳ።
ሴቶቹ ጠጠር ለቅመው፣ ጥላ የሚሹበትን አሠመሩ፤
መንገዱን የልጆች እግር ጻፈው፣ ከትምህርት ቤት ሲበሩ።
ዳሩ ላይ ግራርና ቁርቁራ፤ መሐሉ ላይ ምንም።
«ምንም?» አለኝ ኃላፊው፣ «ለምንም በጀት አይያዝም።»
የተተካው ደግሞ «ፏፏቴ ጨምሪበት» አለ፣ ቧንቧው በሳምንት ሁለቴ በሚመጣበት ከተማ።
ሰባት ዓመት ፈጀ። ሮብሌ ምርቃቱን አላየም፤
ኒሙ ግን ከቁመቱ አልፏል።

አምና ነሐሴ፣ ጡረታ በወጣሁ በወሩ፣
ተራሮቹ አጉረመረሙ፤ ፊሽካ ተሰማ ከዳሩ።
ባትሪ ይዤ ወረድኩ። አየሁት፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ግንድ ተሸክሞ፤
ሜዳው ጫፍ ሲደርስ አመነታ፣ እንደ ሰው ቆሞ።
ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ። ተዘረጋ። ተኛ።
እስኪነጋ አጠገቡ ነበርኩ፣ እንደ ሌሊት ዘበኛ።

ጠዋት ኢፍቱ መጣች። በሯ ደረቅ ነው። ምንም አላለች፤
ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ጭቃው ውስጥ አድርጋ ተቀመጠች።
ምስጋና አልጠበቅሁም። ልጇ አልተመለሰም።

በሦስተኛው ቀን ደለሉ ላይ ኳስ ተጀመረ፣ ጎሉ ሁለት ድንጋይ፤
«ይሄን ሜዳ ማን ሠራው?» አለ አንዱ። «ወንዙ ነዋ፣ አታይ?»
አፌን ከፈትኩና ተውኩት።
ወደ ቤቴ ስመለስ፣ አዲሱን ቁርቁራ ፍየል ሲበላ አገኘሁት፤
አባረርኩ፣ እሾህ ቆርጬ ዙሪያውን አጠርኩለት።
ነገ ተመልሶ ይመጣል።
እኔም እመጣለሁ።